በአሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ ሾርት እንዴት ይፈለጋል?

መግቢያ

ማንኛውም የአውቶሞቲቭ ተማሪ ሾርት ሰርኪዩት ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ሳይቸገር ይመልሳል። ጅረቱ በአምፖሉ ወይም በክላክሱ ማለፍ ሲገባው አቋራጭ አግኝቶ በቀጥታ ወደ ማሳ ሲሄድ ሾርት ይባላል። ይህንን በፈተና ላይ ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል። ችግሩ የሚመጣው ወርክሾፕ ገብተን ሃያ ዓመት ያገለገለች ሞተር ሳይክል ፊት ስንቆም ነው። ሽቦው ሁሉ በአቧራና በዘይት ተለብጦ አንድ ቀለም ሆኗል። ፊውዙን ስንቀይረው ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ባለቤቱ ይዟት ሲሄድ ደግሞ መንገድ ላይ ይቃጠላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚረዳን ትርጉሙ ሳይሆን የፍለጋው ቅደም ተከተል ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ የሞከርኩት ያንን ቅደም ተከተል ነው። ለምሳሌነት የወሰድኩት ባለ 12 ቮልቷን ሆንዳ ሲጂ 125 ነው። ይህቺ ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣች ስትሆን፣ የተሠራችው ጥገና በወቅቱ በማይደረግባቸው አገሮች እንድታገለግል ታስቦ ነው። ቫልቮቿ በካምሻፍት ሰንሰለት ሳይሆን በዘንግ እየተገፉ እንዲከፈቱ የተደረገው ለዚሁ ነው፤ ሰንሰለቱን የሚያጠብቅ ሰው አይገኝም ተብሎ! የቻይና ፋብሪካዎችም እሷን መሠረት አድርገው ብዙ ሞተሮች ስለሠሩ፣ ሆንዳ የሚል ስም በሌላቸው ሞተሮች ላይ እንኳ ተመሳሳይ የሽቦ አሠራር እናገኛለን። ስለዚህ ሲጂን በደንብ ያወቀ ተማሪ ብዙ ሞተሮችን አወቀ ማለት ነው።

ሦስቱን ቤተሰቦች መለየት

ከመኪና ወደ ሞተር ሳይክል ስንሻገር መጀመሪያ የሚያሳስተን ሁሉም ነገር ከባትሪ የሚነሳ መምሰሉ ነው። በሲጂና በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ግን ኤሌክትሪኩ ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው። እኔ ሦስት ቤተሰቦች እላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው የባትሪው ቤተሰብ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀይ ሽቦ ተነስቶ በፊውዝ ያልፍና ወደ ቁልፉ ይሄዳል። ቁልፉ ሲከፈት በጥቁር ሽቦ ወደ ክላክስ፣ ወደ ፍሬቻ፣ ወደ ፍሬን መብራትና ወደ ኒውትራል መብራት ይከፋፈላል። ልብ በሉ፤ በሆንዳ ላይ ጥቁር ማሳ አይደለም። ማሳው አረንጓዴ ነው። ከመኪና ወይም ከቤት ኤሌክትሪክ የመጣ ሰው "ጥቁር ኔጋቲቭ ነው" ብሎ ጥቁሩን ሽቦ ከሻንሲው ጋር ቢያስር ሾርቱን ራሱ ሠራው ማለት ነው።

ሁለተኛው የፊት መብራቱ ቤተሰብ ነው። በብዙዎቹ ላይ የፊት መብራቱ የሚበራው በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ጠምዛዛ በሚመጣ ተለዋዋጭ ጅረት ነው። ባትሪውንም ፊውዙንም አያውቃቸውም። እዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሾርት ቢፈጠር ፊውዝ አይቃጠልም፤ መብራቱ ብቻ ይጠፋል ወይም ይደክማል።

ሦስተኛው የካንዴላው ቤተሰብ፣ ማለትም ሲዲአይ ነው። ይኸኛውም የራሱ ጠምዛዛ ስላለው ባትሪ አይፈልግም። የሚገርመው ነገር ሞተሩን የምናጠፋው ጥቁርና ነጭ ሽቦውን ከማሳ ጋር በማገናኘት ነው። ቁልፉን ስናጠፋ ሆን ብለን ሾርት እያደረግነው ነው። ስለዚህ ያ ጥቁርና ነጭ ሽቦ የሆነ ቦታ ተልጦ ሻንሲውን ከነካ፣ ፊውዙ ደህና፣ ባትሪው ደህና፣ ክላክሱ እየጮኸ ሞተሩ አይነሳም። እንዲህ ያለ ሞተር ሳይክል ሲመጣ ካርቡሬተር የሚፈታ ሰው ብዙ ነው።

ይህ ክፍፍል ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ ምልክቱን ሰምተን ገና መሣሪያ ሳናነሳ ሁለት ሦስተኛውን ሽቦ ከፍለጋው ማስወጣት ስለምንችል ነው። ፊውዝ ይቃጠላል ከተባለ የፊት መብራቱንና የሲዲአዩን ሽቦ መፈተሽ ጊዜ ማባከን ነው።

ፊውዙ የሚጠብቀው ምንን ነው?

ብዙ ባለንብረቶች ፊውዝን እንደ አስቸጋሪ ዕቃ ያዩታል። "እየተቃጠለ አስመረረኝ" ብለው በሲጋራ የብር ወረቀት ይጠቀልሉታል ወይም የመዳብ ክር ያስሩበታል። እስቲ ይህ ምን እንደሚያስከትል በቁጥር እንየው።

የተለመደው የሞተር ሳይክል ሽቦ ውፍረት 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው እንበል። የመዳብ ተቃውሞ ለ1 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በሜትር 0.0172 ኦም ገደማ ስለሆነ፣ 2 ሜትር ሽቦ 0.046 ኦም ብቻ አለው። 12 ቮልትን በ0.046 ብናካፍል 260 አምፔር ይመጣል። በእርግጥ የባትሪው የውስጥ ተቃውሞና የማገናኛዎቹ ዝገት ይቀንሱታል፤ ሆኖም 100 አምፔር ብቻ አለፈ ብንል እንኳ በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት 100 በ100 በ0.046፣ ማለትም 460 ዋት ነው። 460 ዋት በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ! ፕላስቲኩ በሰከንዶች ውስጥ ይቀልጣል። ይህ ሽቦ ደግሞ የሚያልፈው ከቤንዚን ታንኩ ሥር ነው። የ10 አምፔር ፊውዝ ባለበት ግን ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ፊውዙ ይበጠሳል። አምፖል ለማዳን ሳይሆን ሽቦውንና ከሽቦው በላይ ያለውን ቤንዚን ለማዳን ነው የተቀመጠው።

እዚህ ላይ ከአንዳንድ ባለሙያዎች የምንሰማውን "የጭስ ዘዴ" ማንሳት እፈልጋለሁ። ፊውዙን በሽቦ ቀጥል፣ ቁልፉን ክፈት፣ የሚጨሰው ቦታ ሾርቱ ነው ይባላል። በአክብሮት አልስማማም። የሚጨሰው ሾርቱ ያለበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ከባትሪው እስከ ሾርቱ ያለው ሽቦ በሙሉ ነው፤ ጅረቱ በሁሉም ውስጥ እኩል ያልፋልና። ሲቀልጥም ብቻውን አይቀልጥም፣ ጎን ለጎን የታሰሩትን ሽቦዎች ይዞ ነው። አንድ ብልሽት ይዘን ገብተን አምስት ይዘን እንወጣለን።

መሞከሪያ አምፖሉ

ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ በጣም ርካሹ ነው። አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ከነሶኬቱ ወስደን ሁለት ሽቦ እንበይድበታለን፤ ጫፋቸው ላይ የአዞ መቆንጠጫ እናደርጋለን። ከዚያ ፊውዙን አውጥተን በፊውዙ ቦታ አምፖሉን እናስገባለን። አለቀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሾርት ካለ 12 ቮልቱ በሙሉ በአምፖሉ ላይ ያርፋል፤ አምፖሉም ሙሉ ብርሃን ይሰጣል። የሚያልፈው ጅረት 21 ለ12 ሲካፈል 1.75 አምፔር ብቻ ስለሆነ ሽቦው አይሞቅም። ሾርቱ እያለ ግማሽ ሰዓት ቢቆይም ምንም አይሆንም፤ ፊውዝ በፊውዝ ላይ እያቃጠልን መክሰር ቀረ። ሾርቱ የጠፋበት ቅጽበት ደግሞ አምፖሉ ራሱ ይነግረናል፤ ይጠፋል።

አንድ ነገር ግን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አምፖሉ በራ ማለት ሁልጊዜ ሾርት አለ ማለት አይደለም። ቁልፉ ተከፍቶ የኒውትራል መብራቱ ብቻ ሲበራ መሞከሪያው የጠፋ ይመስላል፣ ምክንያቱም የኒውትራሉ አምፖል ወደ 3 ዋት ስለሆነ የሚስበው ጅረት ትንሽ ነው። ፍሬን ስንይዝ ግን 21 ዋት ከ21 ዋት ጋር በተከታታይ ስለሚሆን ቮልቱን እኩል ይካፈሉታል፤ ሁለቱም ደብዘዝ ብለው ይበራሉ። ይህ ጤነኛ ነው። ፍሬቻ ስናበራም ደብዝዞ ይበራል፣ ላይብለጨለጭም ይችላል፤ አትደንግጡ። ሾርት የምንለው ሙሉ ብርሃን ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችን በፊት አምፖሉን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኝተን ሙሉ ብርሃኑ ምን እንደሚመስል ዓይናችንን ማስለመድ ጥሩ ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው ቁልፉ እንደተዘጋ ነው። ቁልፉ ተዘግቶ አምፖሉ ቦግ ካለ ችግሩ ከፊውዙ እስከ ቁልፉ ባለው ቀይ ሽቦ ላይ ወይም በሬክቲፋየሩ ላይ ነው። የሬክቲፋየሩን ሶኬት ንቀሉ፤ ከጠፋ ዳዮዱ ተበላሽቷል፣ ካልጠፋ ቀዩን ሽቦ ተከተሉ። ቁልፉ ሲዘጋ ጠፍቶ ሲከፈት ቦግ ካለ ደግሞ በጥቁሩ ሽቦና በቅርንጫፎቹ ላይ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ቦግ ካለ አረንጓዴና ቢጫው፣ ግራ ፍሬቻ ሲበራ ብቻ ከሆነ ብርቱካናማው፣ ቀኝ ከሆነ ውሃ ሰማያዊው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሶኬት እየነቀሉ ማየት ነው። በሲጂ ላይ አብዛኞቹ የፊት ማገናኛዎች ያሉት በፊት መብራቱ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ የኋላዎቹ ከመቀመጫው ሥር ናቸው።

ቆማ የማታቃጥል ሞተር

አስቸጋሪው ነገር በወርክሾፕ የማይታየው ሾርት ነው። ባለፈው ሴሚስተር ለተግባር ልምምድ ከመጡልን ሞተሮች አንዷ እንዲህ ያለች ነበረች። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው፤ ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዘው ከቀበሌ ቀበሌ ይዞራሉ። ፊውዟ ከሁለት ወር በላይ እየተቃጠለ አስቸግሯቸዋል።

"ፊውዟ ስትቃጠል እኮ ሞተሯ አትቆምም፤ የፊት መብራቷም ይበራል። እና ምን ቸገረኝ ብዬ ስነዳ ቆየሁ ልጆቼ" አሉን።

"ታዲያ ይሄ የመዳብ ሽቦ ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?" ስንላቸው ትንሽ ዝም አሉ።

"አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ፍየል ገባብኝና ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ ያለ የጭነት መኪና ለጥቂት ነው የሳተኝ። ሾፌሩ ወርዶ 'የፍሬን መብራት የለህም እንዴ ሰውዬ!' ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲያ ነው መብራቷ እንዳትጠፋ ብዬ ሽቦ ያሰርኩባት። አሁን ደግሞ አልፎ አልፎ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል።"

ከላይ ስለ ሦስቱ ቤተሰቦች የተባለው እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ሲዲአዩና የፊት መብራቱ ከባትሪው ነጻ ስለሆኑ ፊውዝ ሲቃጠል አሽከርካሪው ፊት ለፊቱ የሚያየው ነገር ሁሉ ይሠራል። የጠፋው ከኋላው ያለው፣ ሌላው ሰው የሚያየው ነው። ሰውየው ቸልተኛ ሆነው አይደለም፤ ሞተሯ ራሷ ደህና ነኝ ትላለች። ሽቦውን ያሰሩትም ሕይወታቸውን ለማዳን ብለው ነው፤ ግን አንዱን አደጋ በሌላ ለወጡት።

የመዳቡን ሽቦ አውጥተን መሞከሪያ አምፖሉን አስገባን። ቁልፍ ተዘግቶ፣ ጠፍቷል። ተከፍቶ፣ ጠፍቷል። ፍሬን፣ ደብዛዛ። ፍሬቻ ግራና ቀኝ፣ ደብዛዛ። ክላክስ፣ ድምፁ ደከም ይላል እንጂ ደህና። መሪውን እስከ ጥጉ ግራና ቀኝ አዞርነው፤ ምክንያቱም በአሮጌ ሞተር ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሽቦው በየቀኑ የሚታጠፍበት የመሪው አንገት ነው። ምንም የለም። ቀጥሎ የሚጠረጠረው ከኋላው ፓራፋንጎ ሥር ያለው ሽቦ ነው፤ ድንጋይና ጭቃ ስለሚመታው። ወዘወዝነው፤ ምንም የለም። በዚህ ሰዓት አንዳንዶቻችን "ደህና ናት፣ ፊውዝ ገብቶላት ትሂድ" ማለት ጀምረን ነበር።

መምህራችን ያኔ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ሞተሯ መንገድ ላይ ስትሆን ያላት፣ እዚህ በስታንዱ ላይ ስትቆም ግን የሌላት ነገር ምንድን ነው? ንዝረት ያለ ነበረ፤ ሞተሩን አስነስተን አየነው፤ አልበራም። ሙቀት ያለም ነበረ። ቀላሉን ነገር የተናገረ ግን አልነበረም፤ ሰው! አንድ ተማሪ መቀመጫው ላይ ተቀመጠ። አምፖሉ ቦግ አለ። ተነሳ፤ ጠፋ። እንደገና ተቀመጠ፤ ቦግ።

ነገሩ ከመቀመጫው ሥር እንደሆነ ታወቀ። የአሸዋ ከረጢት መቀመጫው ላይ ጭነን አምፖሉ እንደበራ እንዲቆይ አደረግን። የኋላውን መብራት ሶኬቶች ነቀልን፤ አልጠፋም። የኋላውን የፍሬን ማብሪያ ሶኬት ነቀልን፤ አሁንም አልጠፋም። ስለዚህ ችግሩ በማገናኛዎቹ ሳይሆን በዋናው የሽቦ ጥቅል መሐል ባለው ጥቁር ሽቦ ላይ ነው። ጥቅሉን በሙሉ ከመላጥ ይልቅ ቦታውን በቴስተር ለመለካት ወሰንን።

በሚሊ ቮልት መፈለግ

ይህ ዘዴ በክፍል ውስጥ ብዙ ስለማይነሳ ትንሽ ልዘርዝረው። መሞከሪያ አምፖሉ ሙሉ በሙሉ ሲበራ 1.75 አምፔር በሾርቱ በኩል እየፈሰሰ ነው። 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በሜትር 0.023 ኦም ስለሆነ፣ ጅረቱ በሚያልፍበት በእያንዳንዱ ሜትር ላይ 0.023 በ1.75፣ ማለትም 40 ሚሊ ቮልት ያህል ይጠፋል። ጅረቱ በማያልፍበት ላይ ግን ምንም አይጠፋም። ጅረቱ ሾርቱ ጋ ደርሶ ወደ ማሳ ስለሚወጣ፣ ከሾርቱ ወዲያ ያለው ሽቦ ባዶ ነው። እንግዲህ ሽቦውን ተከትለን ስንለካ ቁጥሩ መጨመር ያቆመበት ቦታ ሾርቱ ነው።

ተራ ቴስተር 200 ሚሊ ቮልት የሚል ማርሽ አለው፤ ለዚህ በቂ ነው። እኛ በመጀመሪያ ከፊት መብራቱ ጎድጓዳ ውስጥ ካለው ጥቁር ሽቦ እስከ ፍሬቻው ሪሌይ ሶኬት ለካን፤ 30 ሚሊ ቮልት ገደማ፣ ማለትም 75 ሳንቲ ሜትር ያህል። ጅረቱ እስከዚያ ድረስ ያልፋል ማለት ነው። ቀጥሎ ከፍሬቻው ሪሌይ ሶኬት እስከ ኋላው የፍሬን ማብሪያ ሶኬት ለካን። ሽቦው ከግማሽ ሜትር በላይ ነው፤ ሾርቱ ከጫፉ ቢሆን ኖሮ ከ20 ሚሊ ቮልት በላይ ማንበብ ነበረብን። የተገኘው ግን 10 ብቻ ነው። 10 ለ40 ሲካፈል ሩብ ሜትር። ከሪሌዩ 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ለክተን በጠመኔ ምልክት አደረግን።

መቀመጫው ሲነሳ ምልክቱ ያረፈው ልክ የመቀመጫው የብረት ወለል ጠርዝ ሻንሲውን በሚነካበት ቦታ አጠገብ ነበር። ናስትሮውን ስንልጠው ጥቁሩ ሽቦ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ተልጦ መዳቡ ጠቁሯል። ጎኑ ያለው ቡናማው የኋላ መብራት ሽቦም ፕላስቲኩ ለስልሶ ከጥቁሩ ጋር ተጣብቋል። የሸተታቸው ይኸው ነው። በዚያ የመዳብ ክር ትንሽ ጊዜ ቢነዱ ኖሮ ሁለቱ ሽቦዎች አንድ ይሆኑ ነበር።

ሽቦውን መጠገን በቂ አይደለም

እዚህ ላይ ናስትሮ ጠቅልሎ መስጠት ይቻላል። በብዙ ቦታ የሚደረገውም ይኸው ነው። ነገር ግን ሽቦው በራሱ አልተላጠም። መቀመጫው ከሥሩ ሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸው የጎማ ማረፊያዎች ሊኖሩት ይገባል፤ በዚህችኛዋ ላይ አንድም አልነበረም። መቀመጫው ቆዳው አንድ ጊዜ ተቀይሯል፤ ጎማዎቹም ያኔ ሳይጠፉ አልቀሩም። ጎማው ሲጠፋ ብረቱ ወደ ታች ወርዶ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ሽቦውን እንደ መቀስ ይጫነዋል። ጎማው ሳይተካ ናስትሮ ብቻ ቢደረግ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሳ ትመጣ ነበር።

ስለዚህ ከወፍራም የተጣለ ጎማ ማረፊያዎቹን ቆርጠን አስገባን። ጥቅሉንም ከሻንሲው ቧንቧ በላይ ሳይሆን በውስጥ ጎኑ እንዲያልፍ አደረግን። የተጎዱት የሁለቱ ሽቦዎች ክፍሎች ተቆርጠው በተመሳሳይ ውፍረትና ቀለም ባለው ሽቦ ተተኩ። መጋጠሚያዎቹ በሊድ ተበይደው ሲሞቅ የሚጠብብ ቱቦ ለብሰዋል፤ ሁለቱ ሽቦዎች የተጋጠሙበትም ቦታ ጎን ለጎን እንዳይሆን ተለያይቷል፣ ቱቦው አንድ ቀን ቢቀደድ እርስ በርስ እንዳይነካኩ። ጠምዝዞ ናስትሮ መለጠፍ ለሞተር ሳይክል አይሆንም። የናስትሮው ማጣበቂያ በሞተሩ ሙቀት ይቀልጥና ይንሸራተታል፤ ከዚያ አቧራ ይይዛል፣ ውሃ ያስገባል።

በመጨረሻም መሞከሪያ አምፖሉን መልሰን ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠውባት እየዘለሉ ሞከርናት። አምፖሉ ሳይበራ ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው 10 አምፔር ፊውዝ የገባው። ለባለቤቱም ሁለት መጠባበቂያ ፊውዞች በትንሽ ላስቲክ ጠቅልለን ሰጠናቸው፤ የመዳቡን ሽቦ ግን አልመለስንላቸውም።

ጥቂት ተጨማሪ ነጥቦች

ቴስተርን በኦም ላይ አድርጎ ሾርት መፈለግ ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለው። የ21 ዋት አምፖል ክሩ ሲቀዘቅዝ ከ1 ኦም በታች ነው የሚያነበው፤ ሲበራ ግን ወደ 7 ኦም ይደርሳል። አምፖሉን ሳናወጣ ሽቦውን ከማሳ ጋር ከለካን ቴስተሩ "ጢጥ" ይላል፤ እኛም ሾርት አገኘን ብለን እንደሰታለን። ስለዚህ በኦም ከመለካት በፊት አምፖሎቹ ሁሉ ይውጡ፣ ባትሪውም ይነቀል።

የሲዲአዩን ጥቁርና ነጭ ሽቦ ለመፈተሽ ከሲዲአዩ ላይ ነቅሎ ሞተሩን ማስነሳት ነው። ከተነሳ ችግሩ በማጥፊያው፣ በቁልፉ ወይም በሽቦው ላይ ነው። ግን ሽቦው ተነቅሎ እያለ ሞተሩ በቁልፍ አይጠፋም፤ ማርሽ አስገብቶ ፍሬን ይዞ ፍሪሲዮን በመልቀቅ ነው የሚጠፋው። በዚህ መስመር ላይ ከ100 ቮልት በላይ ሊኖር ስለሚችል ሞተሩ እየሠራ ባዶ ጫፉን በእጅ አትንኩ።

ፊውዝ ሳይቃጠል ባትሪ የሚጨርስ ትንሽ ፍሳሽም አለ። ቁልፉ ተዘግቶ ቴስተሩን በሚሊ አምፔር ላይ አድርጎ በፊውዙ ቦታ ማስገባት ነው። 50 ሚሊ አምፔር ቢያነብ ለ5 አምፔር ሰዓት ባትሪ 100 ሰዓት፣ ከአራት ቀን ትንሽ የሚበልጥ ዕድሜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ሬክቲፋየሩ ነው።

የሽቦ ቀለም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። በሆንዳ ማሳው አረንጓዴ፣ ከቁልፉ የሚወጣው ጥቁር ነው። በያማሃ ማሳው ጥቁር፣ ከቁልፉ የሚወጣው ቡናማ ነው። በሱዙኪ ማሳው ጥቁር ነጭ መስመር ያለው፣ ከቁልፉ የሚወጣው ብርቱካናማ ነው። በሦስቱም ላይ የባትሪው ፖዘቲቭ ቀይ ነው። የአንዱን ለሌላው መገመት አደገኛ ነው፤ የሆንዳ የሞተር ማጥፊያ ጥቁርና ነጭ ሲሆን የሱዙኪ ማሳም ጥቁርና ነጭ ነው። ቀድሞ በሌላ እጅ የተነካካ ሽቦ ከሆነ ደግሞ ቀለሙን ጭራሽ አትመኑ።

በ6 ቮልት ለሚሠሩት የቀድሞዎቹ ሲጂዎችና ሌሎች አሮጌ ሞተሮች መሞከሪያ አምፖሉም የ6 ቮልት መሆን አለበት። እዚያ 21 ዋት ማለት 3.5 አምፔር ነው፤ በሚሊ ቮልት ሲለካም በሜትር የሚጠፋው እጥፍ፣ ወደ 80 ሚሊ ቮልት ይሆናል፤ ለመለካት እንዲያውም ይቀላል። በዲፓርትመንታችን ወርክሾፕ የተሠሩት ሁለት መሞከሪያ አምፖሎች በዕቃ ክፍሉ በግራ በኩል ባለው መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ፤ በመታወቂያ መዋስ ይቻላል። የ12 ቮልቱ ደህና ነው። የ6 ቮልቱ ሶኬት ዝጓል፤ የሚወስደው ሰው መጀመሪያ በአሸዋ ወረቀት ያጽዳው።